ጄኔቫን ለሚጎበኝ፦ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሰኞና ስለ አንድ የተሳሳተ አዳራሽ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ጄኔቫ የወጣው ጽሑፍ የሚታዩትን ቦታዎች በደንብ ዘርዝሯል። የውሃው ርጭት፣ የአበባው ሰዓት፣ ካቴድራሉ፣ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ፣ አንዱም አልቀረም። ነገር ግን መቼና እንዴት እንደሚታዩ ጽሑፉ ምንም አላለም፤ ጄኔቫ ላይ እንግዳን የሚጎዳው ደግሞ ይኸው ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ቦታዎቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ በማይሆን ቀን ወይም በማይሆን ሰዓት የደረሰ ሰው ግን ዝግ በር አይቶ ይመለሳል። በዚያ ላይ ጽሑፉ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚበልጠውን ቦታ አሳስቶ ጠቁሟል። ዓ.ም. ብዬ ለይቼ ካልጻፍኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስህተቱ ልጀምር። ጽሑፉ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው የተናገሩት ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ በሆነው በፓሌ ዴ ናስዮን ውስጥ ባለው ትልቅ የጉባኤ አዳራሽ ነው ይላል። ይህን የሚደግም ሰው ብዙ ነው፤ ዓመቱ ግን አይገጥምም። ንግግሩ የተደረገው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ማለትም በ1936 ነው። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ቢገባም፣ ትልቁ አዳራሽ የተመረቀው በ1937 ነው። ከ1930 ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ጉባኤው ይሰበሰብ የነበረው መሀል ከተማ፣ ባቲማን ኤሌክቶራል በሚባል አሮጌ የምርጫና የስብሰባ ቤት ነበር። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ያፏጩት፣ የሮማንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኒኮላይ ቲቱሌስኩ እነዚያን ረባሾች አስወጡልኝ ብለው የጮኹት፣ ንጉሠ ነገሥቱም በአማርኛ የተናገሩት እዚያ ነው።

ያ ቤት በ1964 ተቃጥሎ ጠፋ። ዛሬ በቦታው ያለው ዩኒ ዱፉር የሚባል የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ነው፤ በጄኔራል ዱፉር ጎዳና፣ ከፕላስ ደ ኔቭ አደባባይ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ። ሲሚንቶው ያፈጠጠ፣ ለዓይን የማይስብ ሕንፃ ስለሆነ ቱሪስት አይቆምበትም። ከባስቲዮን መናፈሻ አጠገብ ስለሚገኝ ግን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ለማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል የሆነችው ደግሞ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው፤ ያኔ ጉባኤው የሚቀመጠው በሮን ጎዳናና በኤልቬቲክ ቡልቫር ማዕዘን ላይ በነበረው ሳል ደ ላ ሬፎርማስዮን ነበር። እሱም በ1969 ፈርሷል። ከዚያ ዘመን ቆሞ የሚታየው ሐይቁ ዳር ያለው ፓሌ ዊልሰን ነው፤ ቀድሞ ሆቴል የነበረ፣ ከ1920 እስከ 1936 የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የሆነ፣ ኋላም የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ የገባበት። ከውጭ ብቻ ነው የሚታየው። አንባቢ በሰው አገር አዳራሽ ተሳስቶ እንዳይሳለም የዓምዱን ዓረፍተ ነገር ብታርሙት መልካም ነው።

ይህን ማለቴ ፓሌ ዴ ናስዮን አይጎብኝ ለማለት አይደለም። ግን ዝም ብሎ የሚገባበት ቦታ አይደለም። ጉብኝቱ በአስጎብኚ ብቻ ነው፤ ቦታ አስቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል፤ መግቢያው የፕሬኒ በር በሚባለው በኩል ነው እንጂ ባንዲራዎቹ በተደረደሩበት በናስዮን አደባባይ በኩል አይደለም። ብዙ ሰው 15 ቁጥር ትራም ይዞ ናስዮን ይወርድና ፎቶ ሲያነሳ ሰዓቱ ያልፍበታል፤ ከዚያ እስከ ፕሬኒ በር ሽቅብ አሥር ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፣ የፍተሻ ሰልፍም አለ። ፓስፖርት ዋናው ያስፈልጋል፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አያስገባም። ትልቅ ሻንጣ ይዞ መሄድም አያዋጣም። የሚታዩት ክፍሎች በዕለቱ ስብሰባ ይወሰናሉ። የምክር ቤቱ አዳራሽ በሆሴ ማሪያ ሰርት የወርቅና የቡኒ ቀለም ሥዕሎች ተሸፍኗል፤ ሚኬል ባርሴሎ በ2008 ያጠናቀቀው የሰብዓዊ መብት አዳራሽ ጣሪያ ደግሞ እንደ ዋሻ ጣሪያ በቀለም ጠብታ የተንጠለጠለ ነው። ሁለቱም ክፍት የሆኑበት ቀን የገጠመው እድለኛ ነው። ግቢው ውስጥ ጣዎስ ሲዘዋወር ቢታይ አይገርምም፤ መሬቱን በ1890 ለከተማዋ ያወረሱት ጉስታቭ ሬቪዮ ጣዎሶቹ በነጻነት እንዲኖሩበት አደራ ብለው ነው የሰጡት። ከአደባባዩ ፊት ለፊት ያለው እግሩ የተሰበረ ወንበር 12 ሜትር ይረዝማል፣ ከአምስት ቶን ተኩል እንጨት የተሠራ ነው፤ በ1997 የቆመው የተቀበሩ ፈንጂዎች እንዲታገዱ ለመጠየቅ ነበር።

አሁን ወደ ነፋሱ። ጄኔቫ ላይ ከሰሜን ምሥራቅ በሐይቁ ርዝመት ታፍኖ የሚመጣ ቢዝ የሚባል ቀዝቃዛ ነፋስ አለ። ቢዝ በበረታበት ቀን ዤ ዶ፣ ያ ወደ ሰማይ የሚረጨው ውሃ፣ ይዘጋል። ቅዝቃዜው ወደ በረዶ ሲጠጋም ይዘጋል፤ ውሃው መንገድ ላይና ጀልባዎች ላይ እየረጋ አደጋ ስለሚያመጣ ነው። በየዓመቱ ለጥገና የሚቆምባቸው ቀናትም አሉ። ስለዚህ ዤ ዶን ለመጨረሻው ቀን ማቆየት ቁማር ነው፤ በደረሱበት ቀን ቆሞ ከታየ ወዲያው መሄድ ነው።

የዤ ዶ አመጣጥ ለብቻው ደስ ይላል። በ1886 ሲጀመር ለውበት አልነበረም። ከሮን ወንዝ በግፊት ውሃ እየገፋ የሰዓት ሠሪዎችንና የሌሎችን ባለሙያዎች ማሽን የሚያንቀሳቅስ ጣቢያ ነበረ፤ ማታ ባለሙያዎቹ ማሽናቸውን ሲያጠፉ ግፊቱ ስለሚያይል ማስተንፈሻ ተበጀለት። ያ ማስተንፈሻ ወደ ላይ ሲረጭ ሰው ወደደው፤ በ1891 ወደ ሐይቁ አፍ ተዛወረ። የዛሬው ከ1951 ጀምሮ ያለ ነው። በሴኮንድ 500 ሊትር ውሃ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይተፋል፤ 140 ሜትር ይወጣል። ነጭ የሚመስለው አፉ ላይ አየር ስለሚቀላቀልበት ነው። ቀስተ ደመና ማየት የፈለገ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል፣ ዣርደን አንግሌ በኩል ቆሞ ፀሐይን ከጀርባው ያድርግ። ጠዋት ከዚያው ቦታ ምንም አይታይም። በድንጋዩ ጀቲ ላይ እስከ ሥሩ መሄድ ይቻላል፤ ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ግን ማስጠንቀቂያ የለውም፣ ካሜራና ስልክ መሸፈኛ ይያዝ።

የአበባው ሰዓት እዚያው ዣርደን አንግሌ ውስጥ ነው። ከ1955 ጀምሮ አለ፣ የሴኮንድ ቆጣሪው ዘንግ ሁለት ሜትር ተኩል ይረዝማል። ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ በዚያ ላይ ሁልጊዜ ሰው ይጋፋዋል።

ስለ ትራንስፖርት ጽሑፉ «ውድ ነው» ብሎ አልፏል። ሆቴል፣ ሆስቴል ወይም ካምፒንግ ላረፈ እንግዳ ግን ጭራሽ ነጻ ነው። የጄኔቫ ትራንስፖርት ካርድ የሚባል አለ፤ ቦታ ሲያዝ ማረፊያው በኢሜይል ማስፈንጠሪያ ይልካል፣ ከመድረሱ ሦስት ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ስልክ ላይ ማውጣት ይቻላል። ከተማው ውስጥ ያለውን ትራም፣ አውቶቡስ፣ ባቡርና ሙዌት የሚባሉትን ቢጫ ጀልባዎች ያካትታል። ችግር የሚመጣው እንግዳው ኢሜይሉን ሳይከፍት ሲመጣ ነው፤ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ኢንተርኔት ፍለጋ ይጀምራል፣ ወይም ሳያውቅ ትኬት ይገዛል። ካርዱ አስቀድሞ ከወጣ ከአውሮፕላን ጣቢያ እስከ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ያለውን የሰባት ደቂቃ ጉዞም ይሸፍናል። ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው ግን ካርዱ አይደርሰውም፤ እሱ ከማሽን ወይም በስልክ ትኬት መግዛት አለበት። ትራም ላይ በር ላይ የሚጠይቅ የለም፤ ተቆጣጣሪ ድንገት ይገባል፣ ቱሪስት ነኝ ማለትም ከቅጣት አያድንም። የትራሙ በር በራሱ የማይከፈት ከሆነ አረንጓዴውን ቁልፍ መጫን ነው፤ በሩ በራሱ እስኪከፈት ሲጠብቅ ትራም ያለፈው እንግዳ ብዙ ነው።

ቀኖቹን በተመለከተ አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ይያዝ፦ ሰኞ የሙዚየም ቀን አይደለም። የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ሙዚየም፣ የሴራሚክ ሙዚየሙ አሪያና፣ የሥነ ጥበብና ታሪክ ሙዚየም፣ ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት የሳይንስ ማዕከል ሁሉም ሰኞ ዝግ ናቸው። የሰዓት ወዳጅ የሚሄድበት ፓቴክ ፊሊፕ ሙዚየም እሁድም ሰኞም አይከፍትም፣ በሌሎቹ የሥራ ቀናትም የሚከፍተው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። እሁድ ደግሞ ሱቆች ሁሉ ይዘጋሉ፤ ዳቦና ውሃ የሚገኘው ኮርናቫን ጣቢያና አውሮፕላን ጣቢያ ነው። ስለዚህ ሰኞን ለሐይቁ ወይም ለተራራው፣ እሁድን ለአሮጌው ከተማ መስጠት ይሻላል። ሰርን በ18 ቁጥር ትራም መጨረሻ ነው፤ ኤግዚቢሽኑ ነጻ ነው፣ የአቶም ቅንጣቶች የሚፈተለኩበት ምድር ለምድር ያለው ዙር ዋሻ 27 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ጎብኚ ወደ ዋሻው ይወርዳል ብሎ ማሰብ አይገባም። በአስጎብኚ የሚደረገውን ዙር የፈለገ በጠዋት ይሂድ፣ ቦታው ቶሎ ይሞላል።

አሮጌው ከተማ ኮረብታ ላይ ነው፤ ጎዳናዎቹ በድንጋይ ንጣፍ የተሠሩ ስለሆኑ ባለ ሹል ተረከዝ ጫማ ያሠቃያል። ከሁሉ ቀላሉ ከፕላስ ደ ኔቭ ተነሥቶ ወደ ትሬይ መናፈሻ መውጣት ነው። ትሬይ ላይ ያለው የእንጨት አግዳሚ ወንበር 120 ሜትር ያህል ይረዝማል። አጠገቡ ያለው ማሮኒዬ የሚባል ዛፍ ደግሞ መንግሥታዊ ሥራ አለው፦ ከ1818 ጀምሮ የመጀመሪያ ቅጠሉ ሲፈነዳ የካንቶኑ፣ ማለትም የክልሉ፣ ምክር ቤት ጸሐፊ ቀኑን መዝግቦ ፀደይ ገባ ብሎ ያስታውቃል። ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ኦቴል ደ ቪል። የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት በ1864 የተፈረመበት የአላባማ ክፍል በዘወትር ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ግን መግባት ይቻላል። እዚያ በደረጃ ፈንታ ድንጋይ የተነጠፈበት ጠመዝማዛ ዳገት አለ፤ ሹማምንቱ ከፈረስ ሳይወርዱ ወደ ፎቅ እንዲወጡ የተሠራ ነው። መንገደኛ በበሩ ፊት እያለፈ ሳያየው ይሄዳል።

ቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል በ12ኛው መቶ ዘመን ነው መሠራት የጀመረው። ውስጡ ሥዕል የሌለው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ካለ፣ በ1535 ሥዕሎቹና ምስሎቹ ስለተነሡ ነው፤ ከዚያ በኋላ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው የካልቪን ስብከት ቤት ሆነ፣ ወንበሩም አሁን ድረስ አለ። ቀለም ለማየት በስተቀኝ ወዳለው የመቃብያን ጸሎት ቤት መግባት ነው። ካቴድራሉ ነጻ ነው፤ ማማውና ከሥሩ ያለው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ያስከፍላሉ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ከተባልኩ ቁፋሮውን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ከ4ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ተደራርቦ ይታያል፣ ዝናብም አይነካውም። የሰሜኑ ማማ 157 ደረጃ አለው፤ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ከላይ የሚወርድ ሲመጣ መቆም ግድ ነው። ጭጋግ ባለበት ቀን ገንዘቡን ማባከን ነው።

ኮረብታውን ሲጨርሱ ወደ ባስቲዮን ይወረዳል። የተሐድሶው ግንብ 100 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የተሐድሶው መሪዎች ፋሬል፣ ካልቪን፣ ቤዝና ኖክስ አምስት አምስት ሜትር ሆነው ቆመውበታል። ሥራው የተጀመረው ካልቪን በተወለደ በ400ኛው ዓመት፣ በ1909 ነው። በመናፈሻው በር ላይ በግዙፍ ጠጠሮች ቼዝ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ከሐውልቶቹ የበለጠ ሕይወት አላቸው።

ሐይቁ ላይ ለመንሳፈፍ ውድ መርከብ የግድ አይደለም። ከፓኪ ወደ ኦ-ቪቭ የሚያሻግረው ሙዌት በትራንስፖርት ካርዱ ይሠራል፣ በዤ ዶ አጠገብም ያልፋል። ረጅም ጉዞ የፈለገ ሲጄኤን የሚባለውን ኩባንያ መርከብ ይያዝ፤ በ1904 እና በ1927 መካከል የተሠሩ ስምንት ባለ ጎማ መቅዘፊያ መርከቦች አሉት። እዚህ ላይ የከተማው ካርድ አይሠራም፤ የስዊስ ትራቭል ፓስ ያለው ግን አይከፍልም። በፈረንሳይ በኩል ያለችውን ባለ ቅጥር መንደር ኢቭዋርን ለማየት ከጄኔቫ በመርከብ ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል፤ በባቡር ኒዮን ሄዶ ከዚያ መሻገር ግን ሃያ ደቂቃ ነው።

በአውሮፓ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ የሚዋኝ ሰው ቤን ዴ ፓኪ ይሄዳል፤ የዛሬው ሕንፃ በ1932 የተሠራ የሕዝብ መታጠቢያ ነው፣ በብርዱ ወራት ሳውናና የቀለጠ አይብ፣ ፎንዱ፣ አለው። ከውሃ ሲወጡ ቶሎ ታጥቦ ሰውነትን በፎጣ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ሙቀት ሲበረታ ዳር ዳር ያለው ውሃ ውስጥ የሚገኝ ዓይን የማያየው ተባይ ቆዳን ያሳክካል። አያሳምምም፣ ግን ለቀናት ያስቸግራል። ከሐይቁ የሚወጣውን ሮን ወንዝ ተከትሎ በላስቲክ መንሳፈፍም የከተማዋ ልጆች ጨዋታ ነው፤ ከዦንክስዮን ጫፍ በፊት ካልተወጣ ግን አርቭ የሚባለው ቀዝቃዛ ወንዝ ይቀላቀላል፣ ሞገዱም አደገኛ ነው። ዋና በደንብ የማይችል ከላይ ካለው የባቡር ድልድይ ቆሞ ይመልከት፤ ትዕይንቱም የሚያምረው ከዚያ ነው። ሮን ደለሉን ሐይቁ ውስጥ አስቀምጦ ስለሚወጣ ሰማያዊ ነው፤ አርቭ ከሞንብላን በረዶ ግርጌ የተፈጨ ድንጋይ ይዞ ስለሚመጣ ግራጫ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ብዙ ይሄዳሉ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በረዶው በሚቀልጥበት በበጋ ነው።

ከኅዳር እስከ የካቲት የሚመጣ ሰው ከተማዋ ለቀናት በዝቅተኛ ደመና ተሸፍና ሊያገኛት ይችላል። ያኔ መፍትሔው ሳሌቭ ተራራ ነው፤ ታች ግራጫ ሲሆን ላይ ብዙ ጊዜ ፀሐይ አለ፣ ሞንብላንም ከደመናው ባሕር በላይ ይታያል። 8 ቁጥር አውቶቡስ እስከ ቬይሪዬ ድንበር ይወስዳል፤ ከዚያ በእግር ፈረንሳይ ተገብቶ ኬብል ካሩ ይያዛል፣ ወደ 1,100 ሜትር ከፍታ ያወጣል። ድንበሩ ላይ ጠባቂ ባይኖርም ፓስፖርት ይያዝ፤ ሸንገን ቪዛ ለሁለቱም አገር ይበቃል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛም በዚህ መሻገር አይቃጠልም። የኬብል ካሩ ዋጋ በዩሮ ነው፣ ነፋስ ሲበረታ ይቆማል፣ በብርዱ ወራት በየቀኑ አይሠራም፤ ከመነሣት በፊት ማረጋገጥ ነው። በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ዩሮ የሚከፍል ሰው መልሱን በፍራንክ፣ ያውም በሻጩ ምንዛሪ ነው የሚያገኘው።

ለምግብ፣ በሥራ ቀን ምሳ ሰዓት የዕለቱን ሳህን፣ ፕላ ዱ ዡር፣ ማዘዝ ከማታው ዝርዝር በብዙ ይቀላል። ውሃ መግዛት አያስፈልግም፤ የየአደባባዩ ምንጭ፣ አይጠጣም የሚል ጽሑፍ ከሌለበት፣ ይጠጣል።

በአውሮፓውያን ዲሴምበር 12፣ በኛ ታኅሣሥ 3፣ አካባቢ የሚመጣ ደግሞ ኤስካላድን ያገኛል፤ በ1602 የሳቮይ ወታደሮች በመሰላል ቅጥሩን ሊያልፉ ሲሉ የተመለሱበት መታሰቢያ ነው። ሜር ሩዋዮም የተባለች ሴት የፈላ ሾርባ ከነድስቱ ከላይ ደፋችባቸው ስለሚባል፣ ሰው ቸኮሌት ድስት ይሰብራል። በዚያ ሰሞን ብቻ ሞኔቲዬ የሚባለው በቤቶች መካከል የተደበቀ ጠባብ መተላለፊያ ለሕዝብ ይከፈታል። ሆቴል ግን ቀድሞ ይያዝ።

በመጨረሻ ዓምዱ ጭራሽ ያላነሣው፦ የብራና መጽሐፍ የሚወድ አንባቢ ኮሎኒ የሚባለው ሰፈር ያለውን የማርቲን ቦድመር ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አይለፈው። በግሪክኛ የተጻፈውና ከጥንታዊዎቹ የዮሐንስ ወንጌል ቅጂዎች አንዱ የሆነው ፓፒረስ 66 የዚህ ስብስብ ነው፤ የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስም አለ። ክፍሎቹ ለቅጂዎቹ ሲባል ጨለም ያሉ ናቸው፤ ፍላሽ አይበራም። ሰኞ ዝግ ነው፤ በሌላው ቀን ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ይከፈታል። ኤ የሚባለው አውቶቡስ ያደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከጄኔቫ